ግሩፑ ሲያድግ ፍቅሩ ለምን ይጠፋል? የኤሌክትሮኒክስ ግሩፕ ለሚያስተዳድሩ

የአርዱኖና (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ነው) የኤሌክትሮኒክስ ግሩፕ መጥፎ ሰው ገባበት ተብሎ አይበላሽም። መጥፎ ሰው በአንድ ጠቅታ ይወጣል። ግሩፑን የሚጥለው የመላሾች ድካም ነው፤ ድካሙም ቀስ እያለ ስለሚመጣ አብዛኛው አድሚን የሚነቃው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ሂሳቡን እንየው። 80 ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ በቀን ሁለት ጥያቄ ቢመጣለትና መልስ የሚያውቁ አምስት ሰዎች ቢኖሩት፣ መልሱ ሽሚያ ነው። አባላቱ 8,000 ሲደርሱ ጥያቄው በቀን 60 ሊሆን ይችላል። መላሾቹ ግን በዚያው ልክ 500 አይሆኑም፤ አዲስ ገቢው በብዛት ጀማሪ ስለሆነ ስምንት ወይም አስር ቢሆኑ ነው። እነዚያው ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ለአርባኛ ጊዜ ያነባሉ። ጠያቂው ደግሞ ለእሱ የመጀመሪያው ነው። ጠቡ ከዚህ ይጀምራል፤ ሁለቱም ግን ጥፋተኛ አይደሉም።

ምልክቶቹ ተራ አላቸው። መጀመሪያ መልሱ ያጥራል፤ ሦስት መስመር ይጻፍበት የነበረው «ፓወር ነው» ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ «ሰርች አድርግ»፣ «ጉግል ምን ሊሠራ ተቀመጠ?» ይመጣል። ከዚያ ጥያቄው ላይ የሳቅ ኢሞጂ መደርደር ይጀመራል። በዚህ መሀል ነባሮቹ ሳይናገሩ ለብቻቸው ትንሽ ግሩፕ ይከፍታሉ፤ ዋናው ግሩፕ ውስጥ ስማቸው አለ፣ እነሱ ግን የሉም። ቦታቸውን በግማሽ የሚያውቁ ሰዎች ይይዙታል፣ የተሳሳተ መልስ ይበዛል፣ የሚያርም ይጠፋል። ሻጮች የሚደርሱት መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ አድሚን «ግሩፑን ሻጮች ገደሉት» ይላል፤ እኔ እስካየሁት ግን ሻጩ የሚመጣው ለቀብሩ ነው።

ስለዚህ የአባላት ቁጥር ላይ አትፍጠጡ፤ ምንም አይነግራችሁም። ባለፈው ሳምንት የተጠየቁ 20 ጥያቄዎችን ውሰዱና ሦስት ነገር ቁጠሩ፦ ስንቱ ቁም ነገር ያለው መልስ አገኘ፣ መልሱ በስንት ሰዓት ውስጥ መጣ፣ የመለሱትስ ስንት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከ20ው 15ቱን ሁለት ሰዎች መልሰው ከሆነ፣ ጨዋታው የደራ ቢመስልም ግሩፑ ታሟል። ከሁለቱ አንዱ ሥራ ሲቀይር ወይም ሲያገባ ያልቃል።

አንድ ጥያቄ በቅርብ ሲታይ

በየሳምንቱ የሚመጣ ጥያቄ ልጥቀስ፤ ስለ ሰርቮ፣ ማለትም በታዘዘችበት ልክ ስለምትዞር ትንሽ ሞተር ነው፦ «ሰላም ጓዶች፣ ሰርቮው እየተንቀጠቀጠ አርዱኖው ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ምን ላድርግ?» ከታች ብዥ ያለ ፎቶ፤ ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ቀለም።

ሙሉ መልሱ ይህ ነው። ትንሿ ኤስጂ 90 ሰርቮ ስትነሳና ጭነት ሲይዛት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ትስባለች። አርዱኖ ኡኖ በኮምፒውተር ዩኤስቢ ሲሠራ መንገዱ ላይ የ500 ሚሊአምፔር ፊውዝ አለበት፤ ራሱ ቦርዱም ከዚያው ይጠጣል። ሰርቮዋ ስትስብ 5 ቮልቱ ይወርዳል፣ ቺፑ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። መፍትሔው ለሰርቮዋ የራሷን 5 ቮልት፣ ቢያንስ 1 አምፔር የሚሰጥ ምንጭ ማድረግ፤ የስልክ ቻርጀር ይበቃል። የቻርጀሩን ግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመሩን) ከአርዱኖው ግራውንድ ጋር ማገናኘት ግዴታ ነው፤ ያ ካልሆነ ሲግናሉ መነሻ ስለማይኖረው ሰርቮዋ በባሰ ትንቀጠቀጣለች። በሰርቮዋ ፓወር ላይ ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢጨመር ጥሩ ነው፤ የኔጌቲቩን ጎን ምልክት ሳያዩ መሰካት ግን አይገባም።

ይህን ጽሑፍ በስልክ መጻፍ አስር ደቂቃ ይወስዳል። ነባሩ አባል ሦስት ጊዜ በደስታ ይጽፈዋል፤ ሃያኛው ላይ «ፓወር ነው ብሮ» ይላል። በእሱ ቤት መልሷል። ጠያቂው ግን «ፓወር»ን አይቶ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ እንደገና ይጠይቃል፣ ሌላው ይበሳጫል፣ አንዱ ይስቃል።

የሚሠራው ዘዴ ሙሉውን መልስ አንድ ጊዜ አሳምሮ መጻፍና ከዚያ በኋላ ሊንኩን መስጠት ነው። ቴሌግራም ላይ በአብዛኛው ግሩፕ መልእክት ሁሉ የራሱ ሊንክ አለው፤ ተጫን፣ ኮፒ አድርግ፣ ለጥፍ። ሊንኩ ብቻውን ግን «ሂድ አንብብ» ሆኖ ነው የሚነበበው። ከሱ ጋር የሰውየውን ጉዳይ የሚነካ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፦ «ፎቶህ ላይ ቀዩ ሽቦ ከአርዱኖው 5 ቮልት ነው የመጣው፤ እዚህ ያለውን ሞክርና ካልተስተካከለ ሰርቮዋ ስትነሳ ቮልቱን ለክተህ ተመለስ።» ይህ ሃያ ሰከንድ ይፈጃል። በግሩፕ ውስጥ ትህትና ማለት እኔ በሚገባኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ውድ ወንድማችን» ማብዛቱ አይደለም።

እንዲህ አስቀድመው ሊጻፉ የሚገባቸው መልሶች ብዙ አይደሉም። ከሰርቮዋ ሌላ፦ ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላየውም (የቻርጅ ብቻ ኬብል ይሆናል፣ የዳታ ሽቦ የለውም፤ አለዚያም ኮፒ ቦርዶች ላይ ያለው የሲኤች 340 ቺፕ ድራይቨር አልተጫነም)፤ ኮድ ሲጫን «ፕሮግራመር ኢዝ ኖት ሪስፖንዲንግ» ይላል (ፖርቱ ወይም የቦርዱ ዓይነት በስህተት ተመርጧል፣ ፒን 0 እና 1 ላይ የተሰካ ነገር አለ፣ ወይም የናኖ ኮፒ ሆኖ «ኦልድ ቡትሎደር» መምረጥ ይፈልጋል)፤ ሲሪያል ሞኒተር ላይ የማይነበብ ፊደል ይወጣል (የመገናኛ ፍጥነቱ ኮዱ ውስጥ 9600 ተብሎ መስኮቱ 115200 ላይ ነው)፤ ኤልኢዲው ተቃጠለ (ለ5 ቮልት 220 ኦም ሬዚስተር ሳይገባ)፤ ባለ 3.3 ቮልቱ የኢኤስፒ 8266 ቦርድ ላይ የርቀት ሴንሰሩ የኤኮ ፒን በቀጥታ ተሰካ (5 ቮልት ስለሚወጣው በ1 ኪሎ ኦምና በ2 ኪሎ ኦም ከፍሎ ወደ 3.3 ማውረድ ያስፈልጋል)። እነዚህ ስድስቱ በደንብ ከተጻፉ የጀማሪው ጥያቄ ትልቁ ክፍል ተሸፈነ። የተቀረው ለነባሮቹም አዲስ ነው፤ አዲስ ጥያቄ ደግሞ መላሽን አያደክምም፣ ያነቃዋል።

«ሰርች አድርግ» እኛ ጋ ለምን አይሠራም

በእንግሊዝኛ ግሩፖች ይህ ምክር ቢያንስ የሚሆን ነገር አለው። በአማርኛ ግሩፕ ውስጥ ግን ባዶ ቃል ነው። አንዱ ሬዚስተር፣ ሌላው ሪዚስተር፣ ሦስተኛው ረዚስተር ብሎ ጽፏል፤ ግማሹ አባል አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። ፍለጋው የተጻፈውን ፊደል ነው የሚያየው፤ «ሰ» ብሎ የፈለገ «ሠ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ ያለበት ሁሉ እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ምርጡ መልስ ብዙ ጊዜ የአራት ደቂቃ ቮይስ ነው፤ ኮዱ ደግሞ ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ በስልክ የተነሳ ፎቶ። ይህንን ማንም ፈልጎ አያገኝም። ስለዚህ ጀማሪውን «ሳይፈልግ ጠየቀ» ብሎ መውቀስ አግባብ አይደለም።

የሚቻለው ይህ ነው። አድሚኖቹ በአጻጻፋቸው ተስማምተው ጥቂት ሃሽታጎች ይምረጡ፦ #ፓወር፣ #ድራይቨር፣ #ሰርቮ፣ #ሴንሰር፣ #ኮድ። ከአስር አይለፉ፤ ሲበዙ የሚያስታውሳቸው የለም። ጥሩ መልስ በተሰጠ ቁጥር አንድ አድሚን ሪፕላይ አድርጎ ሃሽታጉን ይጻፍበት። ቮይስ ከሆነ ከሥሩ ሁለት መስመር ፍሬ ነገሩን ይጻፍ፤ ይህን ሥራ አንድ ተማሪ አባል ቢይዘው እሱም ይማርበታል። የመልሶቹ ሊንኮች ማውጫ አንድ መልእክት ሆኖ ግሩፑ አናት ላይ ፒን ይደረግ፤ መልእክት ኤዲት ስለሚደረግ አዲስ ሊንክ ሲመጣ እሱው ላይ ይጨመራል። አሥራ አምስት ነገር ፒን ያደረገ ግሩፕ ምንም ፒን እንዳላደረገ ቁጠሩት።

ኮድ በጽሑፍ ይለጠፍ። ከኮዱ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት የ(`) ምልክት ሲደረግ እንደ ኮድ ተለይቶ ይወጣል፤ ያለዚያ ቴሌግራም ሁለት ኮከብ ወይም ሁለት የሥር መስመር ሲያገኝ ጽሑፍ ማስዋቢያ መስሎት ያጠፋቸዋል። ከዚያ አንዱ ኮዱን ወስዶ አልሠራ ሲለው የጻፈውን ሰው ይሳደባል።

ጎርፉ የሚመጣበት ወቅት

ይህ ችግር ከእኛ በፊት ስም ወጥቶለታል። ዩዝኔት በሚባለው የቀድሞው የኢንተርኔት መወያያ ላይ በየዓመቱ መስከረም አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገቡ ነበር፤ ለጥቂት ሳምንት ሥርዓቱን ሳያውቁ ያተራምሱና በኋላ ይለምዳሉ፣ ወይም ይተዋሉ። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ የንግድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደንበኞቻቸውን በጅምላ ሲያስገቡ ግን አዲሱን ለማልመድ ጊዜ ጠፋ። ነባሮቹ የእ.ኤ.አ. 1993ን መስከረም «ያላለቀው መስከረም» አሉት።

በእኛ ግሩፖች ጎርፉ የሚመጣው የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲቃረብ ነው። «ስማርት የመስኖ ሲስተም ሙሉ ኮድ ያለው?»፣ «ፕሊስ ነገ ነው ማስረክበው» የሚሉ መልእክቶች በአንድ ሳምንት ይዘንባሉ። ነባሮቹ በጣም የሚናደዱት በዚህ ነው፤ እውነትም አላቸው፣ ምክንያቱም ኮዱን የወሰደው ልጅ ከርሞ አይገኝም። ነገር ግን ከእነዚሁ ተማሪዎች መካከል ነው ቀጣዩ መላሽ የሚወጣው። ጎርፉ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሕግ ለጥፉ፦ ሙሉ ኮድ አይጠየቅም፣ አይሰጥም። የፕሮጀክት ጥያቄ ያለው ሰው የሠራውን ንድፍ (በእጅ ተስሎ ፎቶ ቢነሳም ይበቃል)፣ የተጠቀመበትን ቦርድ፣ የፓወር ምንጩንና አልሠራ ያለውን አንድ ክፍል ይዞ ይምጣ። «መስኖው አልሠራም» ሳይሆን «ሪሌው ይቆልፋል፣ ፓምፑ ሲነሳ ኤልሲዲው ላይ ዝብርቅርቅ ፊደል ይወጣል» ይሁን። ይህን ያሟላ ሰው በሰዓታት ውስጥ መልስ ያገኛል። ያላሟላውን አትሳደቡት፤ አድሚኑ እነዚህን አራት ነገሮች የሚጠይቅ ፎርም ይላክለትና ይጠብቀው። ሞልቶ የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ የተመለሰው ግን ይቆያል።

ቴሌግራም ግሩፕን በርዕስ መከፋፈል ከጀመረ ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ የፕሮጀክት ጥያቄን ለብቻው ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ከአራት ርዕስ በላይ አልመክርም፦ የጀማሪ ጥያቄ፣ ፕሮጀክት፣ ሽያጭ፣ የሠራነው። አሥር ርዕስ ሲከፈት ስድስቱ ባዶ ይሆናሉ፤ ባዶ ክፍል ያየ አዲስ ሰው ግሩፑ የሞተ ይመስለዋል። ትንንሽ ግሩፕ (ከ300 በታች በሉት) ጭራሽ ባይከፋፈል ይሻላል፤ የሚያሞቀው ነባሩ የጀማሪውን ጥያቄ በአጋጣሚ ማየቱ ነውና።

ኢንቦክስ

ከስድብ ይልቅ እኔ የምፈራው «ኢንቦክስ» የምትለውን ቃል ነው። መጀመሪያ ሻጩ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል። ቀጥሎ መላሹ «ኢንቦክስ ና» ይላል። ከዚያ «ፕሮጀክት እንሠራለን፣ ኢንቦክስ» ይመጣል። እውቀቱ ከአደባባይ ወጥቶ ጓዳ ገባ ማለት ነው። ቀጣዩ ጠያቂ የሚያየው ጥያቄውን እንጂ መልሱን አይደለም፤ መላሹ ተሳስቶ ቢሆን የሚያርመው የለም፤ ገንዘብ የተበላ ሰው ደግሞ የሚወቅሰው አድሚኑን ነው።

ሕጉ አጭር ይሁን። የቴክኒክ መልስ በግሩፕ ብቻ። የሚሸጥ ዕቃ ዋጋው በብር፣ ያለበት ቦታ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑና የራሱ የዕቃው ፎቶ (ከኢንተርኔት የወረደ ያልሆነ) ካልተጻፈበት ይጠፋል። ሽያጩን ጨርሶ አትከልክሉት፤ መርካቶ ወርዶ አንድ ሴንሰር ፍለጋ ሙሉ ቀን ላቃጠለ ሰው እቃ ያለው ማን እንደሆነ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በውጭ ያሉ አባላትም እዚህ ላይ ቢያስቡበት፦ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ «ይህን ሞጁል ኦርደር አድርግ፣ ነገ ይደርስሃል» ማለት አዲስ አበባ ላለው መልስ አይሆንም። «በእጅህ ምን አለ?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

ለሴት አባላት ኢንቦክስ ሌላ ችግርም አለው። በሴት ስም ጥያቄ የለጠፈች ልጅ ስለ ትራንዚስተሯ መልስ ከማግኘቷ በፊት «ሰላም ነሽ ቆንጆ» የሚል መልእክት ከማታውቃቸው ሰዎች ይደርሳታል። ብዙዎቹ ስማቸውን ወደ ሁለት ፊደል ቀይረው «ብሮ» እየተባሉ ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ይወጣሉ። አድሚን ይህን ስለማያይ የለም ብሎ ያስባል። ሕጉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ ያልተፈቀደለትን የግል መልእክት የላከ፣ ስክሪንሾት ከቀረበ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ስክሪንሾቱ የሚላክለት አድሚን በስም ይታወቅ፤ ሴት አድሚን ብትሆን ደግሞ የተሻለ ነው። አባላቱ ከ100 በላይ ከሆኑ የአባላት ዝርዝሩን መደበቅ ይቻላል። የለጠፈን ሰው ባይሸፍንም ዝም ያለችውን ይጠብቃል፤ ስም ለቅመው ማጭበርበሪያ የሚልኩትንም ይቀንሳል።

በሩና ቁልፎቹ

«20 ሰው አድ ላደረገ ካርድ እንሞላለን» የሚል ውድድር ያደረገ ግሩፕ ካለ አዝንለታለሁ። ሰው ሳይፈልግ ተጎትቶ ሲገባ አይጠይቅም፣ አይመልስም፤ ስፓም ይቀበላል እንጂ። የአባላት ፈቃድ ውስጥ ገብታችሁ «ሰው መጨመር» የሚለውን ዝጉ። በግብዣ ሊንክ ላይ የአድሚን ፈቃድ የሚጠይቀውን ምርጫ ክፈቱ። በሳምንት ከሠላሳ አርባ ሰው በላይ አታስገቡ፤ የገቡት ነባሮቹ እንዴት እንደሚመልሱ አይተው ሲለምዱ ቀጣዮቹ ይግቡ። ግሩፑ በዝግታ ያድጋል፤ ችግር የለውም። ቴሌግራም እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል ተብሎ መሙላት ግዴታ አይደለም።

ስሎው ሞድ (አባል በሁለት መልእክቶቹ መሀል እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ቅንብር) ጠብ ሲነሳ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት መምረጥ ይቻላል፤ ለጠብ 5 ደቂቃ በቂ ነው፣ ሲበርድ ይጥፋ። ሁልጊዜ ከተተወ ግን ጀማሪውን ይጎዳል፤ «ቮልቱ ስንት ነው?» ሲባል መልሱን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፣ መላሹ በዚያ መሀል ሄዷል። አድሚኖችን ስለማይመለከት ደግሞ ይህን ስቃይ አያዩትም።

ሊንክ መከልከል የፈለገ አንድ ነገር ይወቅ፦ የቴሌግራም ፈቃድ ላይ ስለ ሊንክ ያለው ቅንብር ከሊንኩ ሥር የሚወጣውን ቅድመ እይታ ነው የሚያጠፋው፤ ሊንኩ ራሱ ይለጠፋል። ማጥፋት የሚችለው ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ቦት ሲገባ ግን ይጠበቅ። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ንቁ አርታዒዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. 2007 ላይ ጫፍ ደርሶ ከዚያ ወረደ፤ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ አጥፊዎችን ለመከላከል የተሠሩት መሣሪያዎች በቅን ልብ የመጡ አዲሶችንም መልሰው ማባረራቸው ነው። በግሩፕም ያው ነው። አዲስ ሰው የኮዱን ሊንክ ለጠፈ፣ ቦቱ አጠፋበት፣ ለምን እንደሆነ የነገረው የለም፤ እሱ አልተፈለግኩም ብሎ ይሄዳል። ቦቱ ሲያጠፋ ምክንያቱን በአማርኛ እንዲጽፍ አድርጉ፤ የኮድ ማስቀመጫና የዳታሺት (የዕቃው ቴክኒካዊ መግለጫ) ድረ ገጾችን ከክልከላው አውጡ። አድሚኖች በየሁለት ቀኑ «ሪሰንት አክሽንስ»ን (በግሩፑ በቅርብ የተደረገውን የሚያሳየውን መዝገብ) ይክፈቱ፤ የተሰረዘውን የሚያሳየው የ48 ሰዓት ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ቦቱ ማንን እንደበደለ ማወቅ አይቻልም።

ስፓም የሚበዛው ሌሊት ነው። አሜሪካ ያለ አድሚን እዚህ ላይ ወርቅ ነው፤ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና አመሻሽ ነው። ሪያድና ዱባይ ያሉት ለዚህ አይረዱም፣ እነሱም ተኝተዋል።

ሲጣሉ

ማስጠንቀቂያ በግል፣ በስም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጥ፦ «ለልጁ የጻፍከው ትክክል ነው፣ አጻጻፉ ግን ሰደበው፤ ብታስተካክለው።» ብዙ ነባር በዚህ ያስተካክላል። በአደባባይ የተገሠጸ ነባር ግን ወይ ይከራከራል ወይ ይወጣል፤ ለሁለቱም ሰዓት የለንም። ካልሰማ የ24 ሰዓት ሚዩት፤ ከደገመው ይውጣ፣ ምንም ያህል ቢያውቅ። ለሊቁ ሌላ ሕግ ከተደረገ ሌሎቹ ይማሩበታል። አድሚን ስሙን ደብቆ በግሩፑ ስም ሲገሥጽ ደግሞ ነገሩ ይከርራል፤ ሰው ከስም ጋር ነው የሚታረቀው።

ፖለቲካ ከገባ አትከራከሩ፣ ወገንም አትለዩ፤ ሁለቱንም ወገን እኩል አጥፉ። ለበዓል አድሚኑ አንድ የመልካም ምኞት መልእክት ይለጥፍ፣ ሰው በኢሞጂ ይመልስ፤ ለገናም፣ ለፋሲካም፣ ለኢድም፣ ለሁሉም እኩል። ያለዚያ 400 የበዓል ካርድ የሰርቮዋን ጥያቄ ይቀብረዋል። በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የጠየቀ ሰው ላይ «በአማርኛ ጻፍ» ብሎ መጮህም ይቁም፤ የገባው ይመልስለት፣ ያልገባው ይለፈው።

መላሾችን ምን ያቆያቸዋል? ምስጋና ጥሩ ነው፣ ግን ብዙም አይደለም። «ሠራልኝ» የምትል መልእክት፣ ከነፎቶዋ፣ ትበልጣለች። ጠያቂው ውጤቱን ይዞ እንዲመለስ ሕግ አድርጉት፤ ካልሠራም ይናገር። ፎቶዎቹ ለብቻ ርዕስ ይኑራቸው። ነባሮቹ የግል ግሩፕ ካላቸው ደግሞ አትውቀሷቸው፣ ሰው ከሚያውቀው ጋር ማውራት ይፈልጋል። እዚያ የተፈታ ከባድ ነገር በወር አንዴ ወደ ዋናው ግሩፕ እንዲወጣ ብቻ ጠይቋቸው።

የተበላሸ ግሩፕ ይመለሳል? አንዳንዱ። ረጅም የሕግ ዝርዝር መለጠፍና «ግሩፑን እንዴት እናሻሽለው?» የሚል ድምፅ ማሰጠት ሲሠራ አላየሁም። ይልቅ ለአንድ ወር በሩን ዝጉ፤ ከሄዱት መላሾች ሦስቱን ለየብቻ በስልክ አነጋግሩ፣ በሳምንት ሁለት ጥያቄ ብቻ ለምኗቸው፤ ስድስቱን የተዘጋጁ መልሶች ጻፉ፤ ሕጉን ወደ አምስት መስመር አሳጥሩ፤ ከዚያ በሩን ጠበብ አድርጋችሁ ክፈቱ።

አድሚኑ ራሱ ከደከመው ደግሞ ያስረክብ። «የቆየ ግሩፕ እንገዛለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በቴሌግራም ሞልተዋል፤ የሸጠ ሰው አባላቱን ለማያውቀው ማስታወቂያ ነጋዴ ነው የሰጣቸው። ለነባር አባል ባለቤትነት ለማስተላለፍ የባለቤቱ አካውንት ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የተከፈተ መሆን አለበት፤ በሚጠቀምበት ስልክ ላይም ከገባ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። ስለዚህ ዛሬ ባታስረክቡም የይለፍ ቃሉን ዛሬ ክፈቱት። ተረካቢው መጀመሪያ አድሚን ይደረግ፣ ሁሉም ፈቃድ ይሰጠው፣ ሁለት ሳምንት አብራችሁ ሥሩ፣ ከዚያ ባለቤትነቱ ይተላለፍ። በማግስቱ ተረካቢው የድሮ የግብዣ ሊንኮችን በሙሉ ይሰርዝ፣ አድሚን ሆነው የቀሩ የማይታወቁ ቦቶችን ያስወጣ፣ ፒን የተደረገው ማውጫ ሊንኮቹ አሁንም መከፈታቸውን አንድ በአንድ ይሞክር።